አሥራ ዘጠኝ ቆርኪ

የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው ከቦንዳ፣
ከሳልቫጅ ካፖርት ሥር፣ ያልተጠራ እንግዳ፤
ሽፋኑ የተላጠ፣ ካባ የደረበ ሰው
ሕንጻ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ነፋስ የሚያምሰው።
«ይሄ አይለበስም፣ በአሥር ብር ውሰደው» አለች ሉባባ።
ወሰድኩት። አሥሯ ግን እጇ አልገባ፤
ዛሬም ሸዋ በር ላይ ከሩቅ ስታየኝ ትጠራኛለች፣
«የካባው ሰውዬ፣ ዕዳህ ወለደ!» እያለች።

ልብ ወለድ መስሎኝ ነበር።
መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ በሻማ፣ በመዝገበ ቃላት ስቆፍር
ታሪክ የለበትም፤ ሕግ ነው፣ ሠንጠረዥ ነው፣ ባዶ መስመር፦
ስምህን ጻፍ። ኃይልህን ምረጥ። ድክመትህን አትደብቅ፤
ድክመት የሌለው ጀግና ከዚህ ጠረጴዛ ይራቅ።

አንዱ ይተርካል። ሌሎቹ «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ።
ከዚያ ዕጣ ይወጣል፤ ይሳካ እንደሆን፣ ይወድቁ እንደሆን ያያሉ።
ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ይላል። ከየት ይምጣ ደሴ ላይ?
ፈንታው ነው የዘየደው፣ የሚኒባሱ ረዳት፣
ሐረጎን በቀን ስምንቴ ወጥቶ የሚወርዳት፤
ከኮምቦልቻ ሃያ ቆርኪ ለቅሞ፣ በሚስማር ቁጥር ጭሮ
አመጣልን አንድ ማታ፣ በልጁ ካልሲ ቋጥሮ።

የፈንታው ጀግና ጉም ይሰነጥቃል፣ መንገዱ እንዲታይ።
ድክመት፦ ዝርዝር የለውም።
ሰዓዳ ነርስ ናት፤ የእሷዋ በግድግዳ ታልፋለች።
ድክመት፦ ማታ ተረኛ ነች።
ይመር «መብረር» አለ ወዲያው። ከዚያ እርሳሱን አኘከ፣ አኘከ፣
ሻዩ ቀዘቀዘበት፤
«እናቴ ስትጠራኝ» ብሎ ከሥሩ ጻፈበት።

የመጀመሪያው ጠላታችን ቦርከናን በጆንያ ጠቅልሎ የሰረቀ ነበር።
ይመር ከጦሳ ጫፍ ዘለለ፣ ሊቀድመው በአየር፤
አሥራ አምስት ሲያስፈልገው ሦስት ወጣችበት፣
ሆጤ ላይ የአንዲት መበለት ጣሪያ ተቀደደበት።
ጀግና የቆርቆሮ ይከፍላል? አይከፍልም?
ስንከራከር ነጋ።
ቦርከና እስካሁን ከጆንያው አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ሰባት ሰበሰብኩ።
አንዱ በጅቡቲ ሹፌር እጅ መጣ፣ ናፍጣ ይሸታል።
አንዱ በማላውቀው ቋንቋ ነው፤ ሥዕሉ ግን ይጣፍጣል።
አንዱ ፎቶ ኮፒ ነው፣ መሃሉ የጎደለ፣
ክፉው ሰው ማን እንደሆነ ሳይናገር የዘለለ።
አምስቱን ተጫውተናቸው አናውቅም።
«ሰው በግ ይሰበስባል» ትላለች ባለቤቴ፣
ከአልጋው ሥር ሣጥኑን በመጥረጊያ እየገፋች።

ከተማው ባዶ የሆነ ጊዜ በሌሊት፣ በእግር ወጣን።
ስንመለስ በሩ የለም። ፍራሹ የለም። ቴሌቪዥኑ የለም፤
ማብሪያ ማጥፊያው ሳይቀር ከግድግዳው ተነቅሏል።
መጽሐፎቹን ማንም አልፈለገ፤
የካባው ሰውዬ ፊት ላይ የጫማ ሶል ታትሟል።
ቆርኪዎቹን ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ።
አልጋው የነበረበትን ወለል በእጄ ጠርጌ ደግሜ ቆጠርኩ።
የጠፋችው ሃያዋ ናት፣
ከሁሉ የምትበልጠው።

ይመርም አልተመለሰ። መብረር የጻፈው ልጅ በእግሩ ሄደ፣
በአፋር በረሃ፣ በጀልባ፣ እስከ ሪያድ ወረደ።
ሲደውል ጠየቅኩት፦ «ሃያዋ አንተ ጋ ናት እንዴ?»
ሳቀ።
ወይም መስመሩ ነው የተንኮሻኮሸው።

እናቱ እትዬ ጦይባ እሑድ መጥተው «ያ ወረቀቱ አለ?» አሉኝ።
አወጣሁላቸው። ፊደል አይለዩም፤ እርሳሱ ላይ ጣታቸውን አስኬዱ።
«መብረር ይላል» አልኳቸው።
ከሥሩ ያለችውን መስመር ዘለልኳት።
«መብረር» አሉ፣ ወረቀቱን እንደነበረ አጥፈው፣ «አብሽር፣ ደህና ጽፏል።»

ቅዳሜ ማታ አሁንም አለን። ሰዓዳ ተረኛ ካልሆነች ትመጣለች።
ፈንታው እጁን ካልሲው ውስጥ ከቶ ረጅም ጊዜ ያንኳኳል፤
አሥራ ዘጠኝ ቆርኪ ነው ያለው። ሃያ ያስፈልገናል።