ሁለት መቶ ፈረስ

ሁለት መቶ ፈረስ ገዛሁኝ በብድር፣
አምስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ልገብር።
ወረቀቱ ይላል፦ ጉልበቱ ሁለት መቶ፣
ክብደቱ፣ ጎማው፣ ቀለሙ ተዘርዝሮ ገብቶ።
ስለ ጋላቢው ግን የተጻፈ የለም፤
ሻጩ ዝም፣ እኔም ዝም፣ ተጨባብጠን ሰላም።

ዓርብ ማለዳ፣ ዓራድ። የበረሃው ነፋስ
አሸዋ ያመጣል አስፋልቱ ላይ ሊያፈስ።
ሰዓት ያዧ ሊያት፣ በፕላስቲክ ወንበር፣
ሱፍ እየፈለጠች ተቀምጣለች ከበር።
አጠገቤ ቆመ ጋሽ ይርዳው ፖስተኛው፣
የቂርያት ጋት ውሻ ድምፁን ሰምቶ የሚያምነው።
ሃምሳ ስድስት ዓመቱ፤ ቱታው ጉልበቱ ላይ
በፕላስተር የተጣፈ፤ ሞተሩም ስትታይ
ሃያ ስምንት ፈረስ፣ ግማሹ አርጅቶ፣
አንዱ እያስነጠሰ፣ አንዱ ዐይኑ ጠፍቶ።
አዘንኩለት በልቤ።
ያኔ።

ቀጥታው ላይ እኔ ነኝ፤ ማን ይደርስብኛል?
እጀታውን ስጠመዝዝ ሰማዩ ይሸሻል፣
ጋሽ ይርዳው ወደ ኋላ ነጥብ ሆኖ ይቀራል።
ኩርባው ሲመጣ ግን፣ «የግመል አንገቱ»፣
ፍሬን ይዤ፣ ልቤን ይዤ ስገባ በፍርሃቱ፣
ያቺ የንብ ድምፅ መጣች ከውስጥ በኩል፣ ከእግሬ ሥር፣
ጉልበቱ አስፋልት እየላሰ፣ ዐይኑ መውጫው ላይ ሲያድር፣
አለፈኝ፤
ደብዳቤ በበር ሥር ሾልኮ እንደሚገባ፣
ሳያንኳኳ፣ ሳያደባ።

በቀጥታው መለስኩት። በኩርባው ወሰደው።
መለስኩት። ወሰደው።
ባንኩ ያበደረኝን ወገቡ ሲነጥቀው
ስድስት ዙር ሄድን።
ሰባተኛው ላይ ቸኮልኩ፤ ገና ሳልቀና ከፈትኩት፤
ሁለት መቶውም ደነበሩ፤ ልጓሙን ላግኘው የት?
ፈረስ ፈረሰ። እኔ አሸዋ ላይ ተቀምጬ፣
ጓንቴ ተቀዶ፣ ክርኔ ነዶ፣ አቧራ ውጬ።

እውነቱን ለመናገር እሱም አላሸነፈ፤
ኦፊር የሚሉት ነው አንደኛ ሆኖ ያለፈ፣
እጁም ያለው፣ ፈረሱም ያለው፤ እንዲህ ያለ ሰውም አለ።
ጋሽ ይርዳው አራተኛ። «ደግ ነው» ብቻ አለ።

መጣ። አልመከረኝም። ጎማዬን በአውራ ጣቱ ነካ፣
ሙቀቱን ለካ።
«ልንዳት?» አለኝ። ፔዳሏ ጎብጧል እንጂ ደኅና ናት፤
ሰጠሁት።
አንድ ዙር። ሊያት ሰዓቷን አየች፣ ደግማ አየች፤
ከኔም፣ ከራሱም ዙር በሦስት ሴኮንድ ቀደመች።
እንግዲህ ብረቱም አይዋሽም፤ ሦስት ሴኮንድ እውነት አለው፣
ብቻ አፍ የለውምና የሚናገርለት ሰው ነው የቸገረው።

ወረደ፣ የራስ ቁሩን አውልቆ ላቡን በክንዱ ጠረገ፣
«ግሩም ናት፤ ለደብዳቤ ግን አትሆንም» ብሎ የራሱን ቁልፍ ፈለገ።
«ያንተዋስ ስም አላት?» አልኩት።
«አባ ቀስ።»
ሰንበት ሳይገባ ልድረስ ብሎ ጫናት፤ ገመዱን ሁለቴ አጠበቀ፤
ቫኑ በቤርሳቤህ መንገድ ከአቧራው ጋር ራቀ።

እሑድ ማታ ጋራዥ ወርጄ መብራት አበራሁ። ቆመዋል፣
ሁለት መቶ ራስ፣ ዝም ብለው ያዩኛል።
የወሩ ክፍያ ነገ ነው።
አንዱን እንኳ በስሙ ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤
አላውቀው።