የቀን እንቅልፍ

የወርቅ ቤት ዘበኛ ነኝ፣ ፒያሳ አድሬ ቆሜ፣
ሲነጋ ስጋደም፣ ሳይጀማምር ህልሜ፣
ደወሉ ይጮሃል ከትራሴ አጠገብ፤
ሰልፍ፣ መዝሙር፣ ያረፈደ ሲሰበሰብ።

ኳስ ጣሪያዬን ትደበድባለች፤
የዓርቧ እስካሁን አልጋዬ ሥር አለች።
አልመልስም ብዬ ምያለሁ።
(ነገ እመልሳለሁ።)

«ትምህርት ቤት ቅርብ ነው» ብለው እትዬ አስካሉ
ልጅ ለሌለኝ ለኔ ኪራይ ይጨምራሉ።

ደግሞ አራት ሰዓት ላይ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣
ሦስተኛ «ለ» ክፍል፣ የማባዛት ገበያ።
«ሰባት ጊዜ ስምንት?» አለች ዛሬ መምህሯ፤
«ሃምሳ አራት!» አለ የፊተኛው ተራ።

እኔ፣ ሁለተኛን ሳልጨርስ የወጣሁ፣
በግድግዳ በኩል ስማር የከረምኩ፣
ከብርድ ልብሴ ሥር «ሃምሳ ስድስት!» አልኩ።

ጸጥታ።
«ጎበዝ! ማን ነው?» አለች።

ተሸፋፈንኩ።