ጥፍር የምታህል ሰማያዊ

ሐምሌ ነው። ጦሳን ጉም ውጦታል ከነጫፉ፣
ዳገቱም ይወርዳል፣ ጎርፍ ሆኖ ባፋፉ።
አሥራ ሁለት ነበሩ ቀለሞቹን ስገዛ፣
ሰባት ቀሩኝ አሁን፤ የሳጥኑ ባዶ በዛ።
ሰማያዊዋማ ጥፍሬን ነው 'ምታህል፣
ላስተርፋት ብዬ ነው ክረምቱን 'ምታገል።

ሲያዩት ጠመኔ ነው፣ ሲዳስሱት ሰም፤
ውሃ የነካው 'ለት ሁለቱም አይደለም።
ወርቁን ፈልጊ ይላል ቅኔ የለመደ ሰው፤
እኔ ሰሙ ራሱ ሲሟሟ ነው የማየው።

ዝናቡ ሲያባራ ወጣሁ ወደ ጓሮ፣
ወዳረጀው ግንብ፣ ልስኑ ተቦርቡሮ፤
ወረቀቴን እላዩ ላይ በግራ እጄ ደግፌ፣
ሰማያዊዋን በጎኗ፣ ስስቴን አልፌ፣
አሸሁ፣ አሸሁ፤ ብቅ አሉ በየተራ
ጠጠሩ፣ ገለባው፣ የምስጡ ጎዳና፣ የልሳኙ አሻራ፤
በማላውቀው ዘመን ጭቃ የመረገ እጅ፣
አራት ጣቱን ትቶ ሄዷል ከዚህ ደጅ።

ቤት ገብቼ ቀይ ጨመርኩ፣ ቢጫም ደረብኩበት፤
ብሩሽ አጥቅሼ ውሃ ስስብበት
ቀዩ ቀድሞ ሸሸ፣ ቢጫው አባረረው፤
የተያዙበት ቦታ የብርቱካን ልጣጭ ነው።
ከባቲ የመጣ ጨው በእርጥቡ ስነሰንስ
ውሃውን ጠጣና ጀመረ መተንፈስ፤
ዙሪያው ነጣ፣ ነጣ፣ እንደ ማለዳ እስትንፋስ።
ወፍራም ካደረግሁት ከጥቁሩ ላይ ደግሞ
በምላጭ ስፍቀው፣ ሥሩ የተኛው ቀድሞ
አረንጓዴ ነቃ
ዓይኑን እያሸ።

እትዬ ጦይባ መጡ፣ ከበሩ ላይ ቆሙ፤
«ምንድን ነው ይኼ ልጄ?» በጣት ጠቆሙ።
«ላም ነው?» «አይ።» «ጦሳ ነው?» «አይደለም።» «ታዲያ ምን?»
«ምንም።» «ለምንም ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ ቀን?»

ጋሽ እንድሪስ ግን፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ
ክር ሲነክሩ የኖሩ፣ ጣታቸው ሳይነካ
ጎንበስ ብለው አዩት። «አትቸኩዪ ገና፤
እርጥብ ቀለም ይዋሻል፣ ሲደርቅ ነው 'ሚቀና።»

ሌሊቱን ዘነበ።
ጠዋት እትዬ ጦይባ ጮኹ ከጓሮ በኩል።
ከወረቀቴ ጠርዝ አልፋ ግንቡ ላይ የቀረች፣ ጭረት የምታህል
ሰማያዊ፣ በዝናብ ተፈታ፣ ቀለሟ ወርዶ፣ ወርዶ፣
በስንጥቁ ተጉዞ፣ በገለባው ታግዶ፣
ባራቱ ጣቶች መሀል እንደ ቦርከና ነጉዶ።

«ላጥበው» ብላቸው፣ «ተይው፣ አብሽሪ» አሉ፤
ዓይናቸው ግንቡ ላይ፣ ምንድን ነው አላሉ።

ለመውሊድ፣ ኖራውን በጥብጠው ሲቀቡ
ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጣ የጓሮው ግንቡ፤
አንድ ስንዝር ብቻ
ዞረው አለፉት።