ተመላሽ

በደብረ ማርቆስ ላይ፣ ባዲሱ አዳራሽ፣
ኢንጂነር አንጓች
አንዴ አጨብጭባ ጠበቀች ተመላሽ።
ጭብጨባው ከጣሪያ ወደ ግንቡ ዞረ፣
መውጫ ጠፋበትና ሦስት ሰከንድ ኖረ።
«ለዝማሬስ ደግ ነው፤ ለንግግር ግን ጭራሽ፤
ለሠርግ፣ ለቲያትር…» ጻፈች።

ዘበኛው ዋሴ ሳቀ፦
«ጣሪያው የተከደነ ለታ
ሰብሳቢው ከመድረክ ‹ውሃው ይመጣል› ቢለን
ግንቡ ተቀብሎ ‹መጣል… ጣል… ጣል…› አለን።»

እሷ ትለካለች፦ የኋላው ግንብ ወፍራም ሱፍ ይልበስ፣
ጣውላው ይበሳሳ፣ መጋረጃው ይሳብ፣ ይመለስ፤
ባለጋቢው ሕዝብም ድምፅ ጠጪ ነው፣ ይታሰብ።

«ታዲያ» አለ ዋሴ፣
«ሱፉን ካለበስሽው፣ የታል መላሹ ሰው?»
ግንቡ፣ ገና ራቁቱን፦
«…ሹ ሰው… ሰው…»