ጥሩ ሥራ

ከሌሊቱ አስር ሰዓት፣ ብሮንክስ ጎሕ ሳይቀድ፣
ደጅ ልጠና ወጣሁ ወደ ፎርድሃም መንገድ።
ፌስታሌ ውስጥ ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ፣ የመብራት ደረሰኝ፤
የዛሬው ደመወዜ መቆረጡ ብቻ በልቤ እያመሰኝ።

ሰልፉ ቀድሞኝ ነቅቷል፤
የልብስ ማጠቢያውን ዞሮ፣ ፋርማሲውን አልፎ ታጥፏል።
አንዱ ተጣጣፊ ወንበር ይዟል፣ አንዷ ሕፃን አዝላለች፣
አንዷ ለማላውቀው ቅዱስ በማላውቀው ቋንቋ ትጸልያለች።

ድሮ ደጅ ሲጠና፣ ቢያንስ የጌታው ፊት ይታይ ነበር፤
የዛሬው ጌታ ማሽን ነው፣ የሚተፋልኝም ቁጥር።
ኤፍ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት።
ስሜን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።
ሰሌዳው ኤ ይጠራል፣ ሲ ይጠራል፣
ኤፍ ግን እንደ ምጽአት ይዘገያል።

እኩለ ቀን ሲሆን መስኮት ዘጠኝ ጠራኝ።
ሴትዮዋ ቀና ሳትል "የቤተሰብ ስም?" አለችኝ።
"ደጀኔ።"
"ካርድሽ ግን ዎርክ ነው የሚለው።"

ዎርክ።
ወርቅ ነበር እኮ፣ ከእናቴ አፍ ሲወጣ!
አንድ ጸሐፊ፣ የሆነ ቢሮ፣ የሆነ ቀን፣
"ቅ"ን ጥሎ "ክ"ን ይዞ መጣ።
ጥሩወርቅን እንደ ሎሚ መሐል ለመሐል ሰነጠቁት፤
ሰባት ልጅ ያሳደገውን ደጀኔን
ቦታ የለም ብለው ከወረቀት አስወጡት።
በቅኔ ቤት ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ይቀራል፤
እዚህ ወርቁ ቀልጦ ሥራው ይቀጥላል።

"ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ
ሦስተኛ ወረቀት አምጪ።"
"ሦስተኛውን ማን ይሰጠኛል?"
"ፎቅ ላይ፣ መስኮት ሃያ አራት። መታወቂያ አሳይተሽ።"
"መታወቂያ ልወስድ አይደል የመጣሁት?"
"ደረሰኙም በሌላ ሰው ስም ነው።"
"የደባሌ ነው።"
"ታዲያ አንቺ የት ነው የምትኖሪው?"
ሳሎኑ ውስጥ፣ ሶፋው ላይ፣ ልላት ነበር።

"ሌላ ቀን ተመለሺ።"
እኔ "ነገ ነይ"ን ያገሬ ርስት አድርጌ ስቆጥረው፣
ለካስ ቪዛ አግኝቶ፣ ቀድሞኝ፣ እዚህ ነው የሚኖረው።

ክፋት የላትም፣ እውነቱን ለመናገር።
ግማሽ የተገመጠ ሳንድዊች ኪቦርዱ አጠገብ ደርቆባታል፤
ከኋላዬ ሁለት መቶ ሰው ይጠብቃታል።

ከሰዓት ሥራ ገባሁ፣ ሚሲስ ዶኔሊ ቤት፣
አምስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰሩ የተበላሸበት።
ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ መቼ እንደሞተ፣
ምሳ በልታ እንደሆነ፣ ሁሉም ከእሷ ኮብልሏል።
በሩን ስከፍት፣ እንደ ሁልጊዜው፣
"ማን ነሽ?" አለች።
"ጥሩወርቅ።"
"እሺ።"
ካልሲዋን ስቀይርላት፣ "ማን ነሽ?"
"ጥሩወርቅ።"
"እሺ።"
ሾርባዋን እፍ ስልላት፣ እንደገና።
በቀን አሥር ጊዜ ትጠይቀኛለች፤
ፓስፖርት ሳትል፣ ደረሰኝ ሳትል፣
አሥር ጊዜ ታምነኛለች።

ያን ቀን ግን ሆድ ብሶኝ፣ "ጥሩወርቅ ደጀኔ" አልኳት፣ ሞላ አድርጌ።
"ደጀኔ ማን ነው?"
"አባቴ።"
ማንኪያውን ይዛ ትንሽ አሰበች።
"ደህና ነው?"
አፈር ከለበሰ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።
"ደህና ነው" አልኳት።
"ሰላም በይልኝ።"

አራት ጊዜ ተመላልሼ፣ ካርዱ በመጋቢት ደረሰ፣
የፖስታው ጠርዝ በበረዶ ውሃ የራሰ።
ፎቶዬ ሌባ ይመስላል።
ስሙ "ጥሩ ዎርክ" ይላል፤
ግማሹን በእኛ፣ ግማሹን በእነሱ ላነበበው፣ ጥሩ ሥራ።
ማንን እንዳመሰገኑ እንጃ።
ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው አምስቱን ፎቅ ወጣሁ፣
እያለከለክሁ በሩን ከፈትኩ።

"ማን ነሽ?"