በቅሎ የዋጠ ሰው

በዌልስ ተራሮች፣ ዝናብ በማይጠፋበት፣
«በቅሎ ዋጠ» ይላሉ፣ ሰው ሲያኮርፍ በቤት።
እኛ ፊት ነሳ ስንል፣ ግንባሩን ቋጠረ፣
ለምቦጩን ጣለ፣ ፊቱን እንደ ሰማይ አጠቆረ፣
እነሱ እንስሳ ሙሉ፣ ከነጭራዋ፣
ጉሮሮ ያሻግራሉ፤ አይተርፍም ኮርቻዋ።

ሽማግሌው ኢድዋል፣ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ፣
እሁድ ዕለት ዋጣት፤ ድምፁም አብሮ ቀረ።
ምክንያቱ? ሚስቱ ኔስታ በወተት ሩዝ ጋግራ፣
ከላይ ያረረችውን፣ የሱን የአርባ ዓመት ተራ፣
ለእንግዳው ሰባኪ ቆርሳ በሳህን ሰጠች፤
ያን ጊዜ በቅሎዪቱ ባፉ ሾልካ ገባች።

ሰኞ ሬዲዮ አጠፋ። ማክሰኞ ሻይ ገፋ።
ረቡዕ ለድመቷ እንኳ ጀርባ ሰጥቶ አንቀላፋ።
የልጅ ልጁ ማብሊ፣ ጆሮዋን ሆዱ ላይ ጥላ፣
«ትራገጣለች» አለች፣ «ከእሁድ ጀምሮ ሳትበላ!»

በቅሎ ገመድ ብትበጥስ ያሳጠረችው በራሷ፤
ኔስታ ይህን አታውቅም፤ ግን ታውቃለች ባሏን እሷ።
ሐሙስ ማታ ለሁሉም ትኩስ ድንች አወጣች፤
ለሱ ግን ከበረት አንድ ጭብጥ ድርቆሽ አመጣች።

ሹካውን አንሥቶ
ብዙ፣ ብዙ አየው።
ከዚያ፣ በሻከረ ድምፅ፣
«ጨው።»