ባዶዋ ነጥብ

ጸሐፊ አድርገው መረጡኝ፣ ጣቴ ፈጠን ስለሚል ብቻ፤
«ለመተየብማ» አሉ «በዚህ ፎቅ የለሽም አቻ።»
ስብሰባው ምድር ቤት ነው፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፤
ሳርጀንት ጎዳና፣ ዊኒፔግ፤ ጥር ነው፣ ብርዱ በሰው ሲያላግጥ።
ላፕቶፔን ማድረቂያው ላይ አኖርኩት፣ ሆዱ ይሞቃል፤
ከታች የሰው ካልሲ ይዞራል፣ ከላይ የሰው ብሶት ይረቀቃል።

በደፈናው ጀመርኩት፣ ትንፋሽ የማይሰጥ አንቀጽ፤
ሮዳሊን በትከሻዬ አይታ «ማን ሊያነብልሽ ይሄን ገጽ?
ነጥብ ነጥብ አድርጊው» አለች።
ምልክቷ ከላይ ናት፦ ሦስት ጥቁር ፍሬ፣ ከጎናቸው ሦስት ሰረዝ።
ስነካት መስመሩ ፈቀቅ አለ፣
መንገድ እንደሚለቅ ሰው፣ ለሚመጣው ጓዝ።

ትምህርት ቤት የማውቀው ነጥብ ከኋላ ነበር የሚመጣ፤
አራት ሆኖ፣ ነገር ሲያልቅ፣ አንባቢው ትንፋሽ ሲያወጣ።
ይቺ ግን ከፊት ቆመች፣ አንዲት ቃል ሳልጽፍ ቀድማ፣
አገጯን በመዳፏ ደግፋ «እሺ፣ ከዚያስ?» ብላ ልትሰማ።

የሁለተኛው ፎቅ ሰው ባንድ አፍ፦ ማሞቂያው ከኅዳር ጀምሮ ሞቷል።
ኦሌክሳ፦ የአሳንሰሩ በር ሁለቴ እጁን ቆርጥሞታል።
ሮዳሊን፦ ከልጇ ራስጌ ሻጋታ፣ ወንዝና ድንበር ያለው ካርታ፤
«ሳሉንም ጻፊው እንጂ» አለች፣ ጠጋ ብላ በዝግታ።
ሳሉ የት ይግባ? የሻጋታው ልጅ ነው፣ ራሱን የቻለ አይደለም፤
ታብ ስጫን ወደ ውስጥ ገባ፤
ነጥቡም ክብ ሆነ፣ ቀለበት ብቻ፣ መሀሉ ቀለም የለም።

ጠቡ እዚህ ላይ ተነሣ።
የአቶ እንግዳወርቅ ቧንቧ በማሞቂያው ጦስ ነው የበረደው፤
እንደ ሳሉ ከሥሩ ባስገባው፣ ቁጣቸውን ማን ያብርደው!
«እኔ የማንም ሥር አልገባም! ሠላሳ ዓመት ኪራይ ከፍዬ!»
«እርስዎ አይደሉም» አልኩ፣ «ኧረ ቧንቧው ነው ጌታዬ!»
አልሰሙኝም። ሺፍትና ታብ።
ወደ ዳር መለስኳቸው፤ ግንባራቸው ተፈታ።

የኦሌክሳ ልጅ ደግሞ ኮከብ ይሁን ይላል፣ ቀስት፣ የራይት ምልክት፤
«ራይት ለተሠራ ነው፣ የኔ ልጅ፤ አሳየኝ የተሠራ አንዲት።»
በእንግሊዝኛ ጥይት ነው ስሟ፣ ብላቸው ለአቶ እንግዳወርቅ፣
«ታዲያ አታባክኚ» አሉ፣ «አንድ በአንድ፤ ዒላማውም አይራቅ።»

ለእኛ ሰዎች አማርኛውን ስገለብጥ፣ ፊደሉ አልስማማ ብሎ፣
ነጥቡ ሁሉ ሣጥን ሆነ፣ ባዶ ሣጥን፣ ቁልፉን ጥሎ፤
ከደህናው መስመር ቅርጹን በዚያች ብሩሽ ቀድቼ፣
ቀባኋቸው አንድ በአንድ፣ ከወገቤ ጎብጬ፣ ዓይኔን አጥብቤ፣ ሰዓቱን ረስቼ።

ከሰባተኛው ኋላ ኢንተር መታሁ፤ አዲስ ነጥብ ብቅ አለች፤
ከጎኗ ጠቋሚው ብልጭ ድርግም ሲል፣ ማንም ሳይጠራት ቆመች።
«ሌላ?» አልኩ።
ወይዘሮ ዝማም የትራስ ልብስ ያጥፋሉ፤ አንዱኑ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።
መስኮታቸው በካርቶን እንደተለበጠ፣
የሁለት ወር ኪራይ እንዳለባቸው፣
ፎቁ በሙሉ ያውቃል።
ፕሮግራሙ ሕግ አለው፦ በባዶ ነጥብ ላይ ኢንተር ቢደገም፣
ነጥቧ ትጠፋለች፣ ዝርዝሩ ተዘጋ፣ ማንም አይጠይቅም።
ጣቴን አነሣሁ። ተውኳት።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ማድረቂያው ጮኾ ሲያበቃ፣
ቅርጫታቸውን ታቅፈው መጡ፣ ድምፃቸው ከጉሮሮ ሳይነቃ፦
«ያቺ ባዶዋ… የኔ ናት?»
«የእርስዎ ናት።»
ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩት፣ በጣታቸው ጫፍ ነኳት፤
«እንግዲያው አታጥፊያት» አሉ፣ «እስከ ማክሰኞ አቆዪያት።»